የዕረፍት ወራት ትምህርት፦ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ቤተ መዘክርና ጎብኚዎቹ

መግቢያ

ትምህርት ቤት በሩን ሲዘጋ ትምህርትም አብሮ ሊዘጋ ይገባዋልን? በአገራችን ተማሪው የዓመቱን ፈተና ጨርሶ የሚያርፍበት የክረምት ወቅት በሰሜን አሜሪካም የትምህርት ቤቶች የዕረፍት ጊዜ ነው። በዚያ ግን ወራቱ የሙቀትና የጉዞ ወራት ስለሆኑ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ርዕሰ ከተማይቱ ወደ ዋሽንግተን ይጓዛል። ከሚጎበኙትም ስፍራዎች አንዱ የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። ይህ ጽሑፍ ቤተ መዘክሩና እርሱን የሚያስተዳድረው የስሚዝሶኒያን ተቋም ለጎብኚው ያዘጋጁትን ዐውደ ርእይና ተግባር በታሪክ መልክ ይመለከታል። የተጠቀሱት ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ጎብኚው የታሪክ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል ወይስ ታሪክ ጥያቄ የሚያቀርብለት ሰው ሊሆን ይችላል?

ከመስተዋት ሣጥን ወደ ሣር ሜዳ

ቤተ መዘክሩ በጃንዋሪ 1964 ለሕዝብ ሲከፈት ስሙ የታሪክና የቴክኖሎጂ ቤተ መዘክር ነበር፤ የዛሬውን ስያሜ ያገኘው በ1980 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደረጃጀቱ በአመዛኙ ዕቃን በየዓይነቱ የመደርደር ዘዴን የተከተለ ስለነበር፣ የጎብኚው ድርሻ በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን አይቶና መግለጫውን አንብቦ ማለፍ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ወጣ ያለ አንድ ነገር ግን ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሌዎን ፉኮ ምድር በዛቢያዋ ላይ እንደምትዞር በ1851 በፓሪስ ካሳየበት መሣሪያ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ትልቅ ፔንዱለም በሕንፃው ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ፔንዱለሙ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በዙሪያው በክብ የቆሙትን ትናንሽ ችካሎች በየተራ ይጥላል። በዋሽንግተን ኬክሮስ የመወዛወዣው አቅጣጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚዞረው ከ9 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ችካል እስኪወድቅ ድረስ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሕፃናትና ወላጆች በአንድነት ከበው ይጠብቁ ነበር። ፔንዱለሙ በ1998 እስከ ተነሣበት ጊዜ ድረስ፣ መጠበቅም የመማር አንድ መንገድ መሆኑን ያለ መምህር አስተምሯል።

ከዚህ የበለጠው ለውጥ የመጣው በ1967 የዕረፍት ወራት ነው። ከ1964 ጀምሮ ተቋሙን በዋና ጸሐፊነት ይመሩ የነበሩት ዲሎን ሪፕሊ የተቋሙ ሥራ በሕንፃ ውስጥ ተወስኖ እንዳይቀር የሚሹ ሰው ነበሩ። በዚህም መሠረት ከጁላይ 1 እስከ 4 ቀን 1967 ድረስ፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ እስከ ዋሽንግተን ሐውልት ድረስ በተዘረጋው ሰፊ ሣር ሜዳ ላይ የመጀመሪያው የሕዝባዊ ባህል በዓል ተደረገ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገራት 58 የባህል ዕደ ጥበብ ሠሪዎችና 32 የሙዚቃና የውዝዋዜ ጓዶች ተጋበዙ፤ የተመልካቹም ቁጥር ከ400,000 በላይ ሆኖ ተገመተ።

የዚህ በዓል ፍሬ ነገር ቁጥሩ አይደለም። ቀድሞ በሣጥን ውስጥ ሠሪው ሳይታወቅ የሚታየው ቅርጫት፣ አሁን ከሠሪው እጅ ሲወጣ ታየ። ጎብኚውም ጥያቄ ሲኖረው የሚመልስለት ሠሪው ራሱ ነበር። ይህም ማለት ፊደል ያልቆጠረ ባለሙያ ሳይቀር ለተማረው ሰው መምህር ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን በንቀት ስም ሲጠራ ለኖረ እንደ እኛ ላለ ኅብረተሰብ ይህ ነጥብ ቀላል ሆኖ ሊታይ አይገባውም። በዓሉ በየዓመቱ እየተስፋፋ ሄዶ፣ አገሪቱ የነፃነቷን 200ኛ ዓመት ባከበረችበት በ1976 ለ12 ሳምንታት ቀጥሎ ነበር። በዚያው ዓመት ቤተ መዘክሩ ከየዓለሙ ማዕዘን ስለ መጡት ሕዝቦች የሚናገር ትልቅ ዐውደ ርእይ ከፍቷል።

በባንኮኒው ፊት

ይሁን እንጂ የአንድ አገር ታሪክ በዓል ብቻ አይደለም፤ የሚያሳፍርም ገጽ አለው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ኢዝል ብሌር፣ ዴቪድ ሪችመንድ፣ ፍራንክሊን ማኬይንና ጆሴፍ ማክኔል የተባሉ አራት ጥቁር ተማሪዎች በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ ወደ ዉልዎርዝ መደብር ገብተው ለነጮች ብቻ በተከለለው የምሳ ባንኮኒ ላይ ተቀመጡ። ምግብ ተከለከሉ፤ እነርሱ ግን መደብሩ እስኪዘጋ ድረስ አልተነሡም። በማግስቱም ሌሎችን ጨምረው ተመለሱ፤ ተቃውሞውም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። መደብሩ እገዳውን ያነሣው ከብዙ ወራት በኋላ በጁላይ 25 ቀን 1960 ነበር። በ1993 መደብሩ ሲዘጋ የባንኮኒው አንድ ክፍል ከነበርጩማዎቹ ወደ ቤተ መዘክሩ ተወሰደ።

ቤተ መዘክሩ ለሁለት ዓመታት ያህል ለዕድሳት ተዘግቶ በኖቬምበር 2008 ከተከፈተ በኋላ በዚህ ቅርስ ፊት አንድ የትያትር ትምህርት ተጀመረ። ጊዜው 1960 እንደሆነ ተቆጥሮ፣ አንድ ተዋናይ የተቃውሞው አሠልጣኝ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ጎብኚዎቹም ሠልጣኞች ይሆኑ ነበር። ቢሰደቡ እንዳይመልሱ፣ ቢገፈተሩ እጃቸውን እንዳያነሡ ይነገራቸው ነበር፤ የትግሉንም መዝሙር በአንድነት ይዘምሩ ነበር። ቅርሱን ማንም አይነካውም ነበር፤ የሚነካው የጎብኚው ኅሊና ነበር። አንድ ሕፃን ተማሪ «አንተ ብትሆን ትቀመጥ ነበርን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ድል አስቀድሞ የተወሰነ እንዳልነበረና አራቱ ወጣቶች መጨረሻውን ሳያውቁ እንደ ተቀመጡ ይረዳ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም የመጽሐፉ አንባቢ መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ ዘዴው አደጋም አለው። በትያትሩ ውስጥ የሚደበደብ አልነበረም፤ ጎብኚው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወጥቶ ምሳውን በሰላም ይበላ ነበር። በመሆኑም መከራውን የቀመሰው ይመስለው ዘንድ ከተፈቀደለት ትምህርቱ ወደ ጨዋታ ይወርዳል። የአሠልጣኙ ብልሃት ይህን ልዩነት ሳይሸሽግ ጥያቄውን ማቅረብ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። የጎብኚው ተግባር ከቅርሱ ከራሱ መመንጨት አለበት፤ የዕቃው ሠሪ ወይም ባለቤት እንደ መምህር ሊከበር ይገባዋል፤ ለጎብኚውም መልስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄ ሊሰጠው ያስፈልጋል።

እነዚህ ነጥቦች የግድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የእኛ ክረምት ዝናብ ስለሆነ ሣር ሜዳ ላይ አያስውልም፤ ጣራ ያለው አዳራሽ ግን ይበቃል። በ1974 በሐዳር የተገኘችውንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ድንቅነሽን ለማየት የሚመጣ ተማሪ ዕድሜዋን ጽፎ ቢሄድ መልካም ነው። የጉልበቷን አጥንት ቅጂ በእጁ ይዞ «ይህች ፍጡር በሁለት እግሯ ትራመድ እንደነበር በምን ታወቀ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን እንደ አጥኚ ማሰብ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ በመስከረም ሲከፈትም ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ማስታወሻ ብቻ ይዞ ሳይሆን፣ መምህሩን የሚጠይቀው ነገር ይዞ ይሆናል።