ከአርባ ምንጭ ሐይቆች እስከ ሃና፡ በመኪና ለሚደረግ የዕረፍት ጉዞ የሚያስፈልግ ዝግጅት

ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር በመሆኗ በውኃ ዳር የምትገኝን ውብ ከተማ ማረፊያ አድርጎ አካባቢዋን በመኪና የመጎብኘት ልማድ በአገራችን ከሐይቆች ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ረገድ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ቢሾፍቱ ቀድመው ይጠቀሳሉ። ረዘም ያለ የዓመት ፈቃድ ላለው ተጓዥ ግን ከአርባ ምንጭ ተነስቶ በኮንሶ፣ በቀይ አፈርና በጂንካ በኩል የሰላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ እስከሆነችው ሃና የሚዘልቀው መስመር ሐይቅን፣ ተራራን፣ ፓርክንና የበርካታ ብሔረሰቦችን አኗኗር በአንድ ጉዞ የሚያሳይ ነው። መስመሩ ያለ በቂ ዝግጅት ከተገባበት ለተጓዡም ሆነ ለአካባቢው ነዋሪ ችግር የሚያስከትል በመሆኑ ቀደም ብሎ ሊታሰብበት ይገባል።

የመጀመሪያው ውሳኔ ወቅትን የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ ክረምትና በጋ የሚታሰበው አቆጣጠር ለደቡብ ኦሞ አይሠራም። በዚያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የሚጥል ሲሆን፣ ሁለተኛውና አነስተኛው በመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይደርሳል። ስለዚህ አመቺ ሆነው የሚገኙት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያሉት ወራት ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኛው የጥር መጨረሻ በተለይ ይስማማዋል። የግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ተጠናቆ፣ የጥምቀት በዓል የመንገድ መጨናነቅ አልፎ፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሩጫ ገና የሚጀመርበት ጊዜ ሩቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቆላው ደረቅ ቢሆንም እስከዚያ የሚያደርሰው የደጋ መንገድ ዝናብ የበዛበት መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀናት ድልድል ሲሆን ይህም በገበያ ቀናት ላይ ሊመሠረት ይገባዋል። በደቡብ ኦሞ ገበያ ከሸቀጥ መለዋወጫነቱ ባሻገር ሕዝቡ የሚገናኝበት፣ ወሬ የሚሰማበትና ጉዳዩን የሚጨርስበት ቦታ ነው። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ፣ የጂንካ ቅዳሜ፣ የዲመካ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የቱርሚ ሰኞ ይውላል። ከዚህ በመነሣት ሰኞ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አርባ ምንጭ ማደር፣ ማክሰኞን በሐይቆቹ አካባቢ ማሳለፍ፣ ረቡዕን በኮንሶ መዋልና ማደር፣ ሐሙስ ረፋድ ቀይ አፈር ገበያ ደርሶ ማታ ጂንካ መግባት ይቻላል። ዓርብ ለፈቃድና ለአስጎብኚ ጉዳይ፣ ቅዳሜ ለጂንካ ገበያ፣ እሑድ ወደ ማጎና ሃና ለመውረድ፣ ሰኞ ወደ ጂንካ ለመመለስ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ለመልስ ጉዞ ይውላሉ። በጠቅላላው አሥር ቀናት ሲሆን ከዓመት ፈቃድ የሚቀነሰው ስምንት የሥራ ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ለጽሕፈት ቤት ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጂንካ የደረሰ ተጓዥ ደብዳቤ የሚጽፍለት አያገኝም። ዓርብም ቢሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለምሳና ለጸሎት ስለሚዘጉ ጉዳዩ በጠዋት ቢጀመር ይመረጣል። ይህን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት ለቀባሪው እንደማርዳት ቢቆጠርም፣ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የሥራ ሰዓትን የመርሳት ዝንባሌ አለው። የመንግሥት ተሽከርካሪን ለግል ጉዞ መጠቀም እንደማይፈቀድም እንዲሁ።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል የሚወስደው መንገድ አጠር ይላል። ሁለቱም ወላይታ ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። ሶዶ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ናት። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ የአባያ ሐይቅን ተከትሎ የሚወርድ ሲሆን፣ በዳርና ዳር የሙዝና የማንጎ እርሻ ይታይበታል።

አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከከተማዋ ግርጌ ባለው ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የላይኛው የከተማዋ ክፍል ሴቻ፣ የታችኛው ሲቀላ ይባላል። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው በስተ ግራ ቀላ ያለውን አባያን፣ በስተ ቀኝ ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ የተባለውን ተራራማ መሬት ያያል። አባያ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ትልቁ ነው። የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክም የሁለቱን ሐይቆች ከፊል ያካትታል፤ በሜዳው ላይ የሜዳ አህያ በብዛት ይታያል። ጊዜው ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ በጫሞ ላይ በጀልባ ወደ አዞ ገበያ መሄድን ማስቀደም ይገባል። አዞዎቹ ሙቀት ለመውሰድ ከውኃ ወጥተው በዳርቻው ሲጋደሙ የሚታዩበት ቦታ ሲሆን ጉማሬና ልዩ ልዩ የውኃ ወፎችም አሉበት። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጉዞው በጠዋት ቢደረግ ይሻላል። ከዚያ የተረፈው ግማሽ ቀን ወደ ጨንቻ ወጥቶ የዶርዜን የቀርከሃ ቤትና የሽመና ሥራ ለማየት ይበቃል።

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በድንጋይ የተገነባው የእርከን እርሻውና በካብ የታጠሩት መንደሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እርከኑ ለዕይታ ብቻ የቆመ አይደለም። ዛሬም የሚታረስ፣ በየዓመቱም የሚጠገን ሲሆን፣ የአፈር ጥበቃ ዘመቻ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ ከመግባቱ ከብዙ ትውልድ በፊት የተጀመረ ሥራ ነው። ከኮንሶ በኋላ መንገዱ ወደ ወይጦ ሸለቆ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የፀማይ ከብት አርቢዎች ይታያሉ። ከዚያ ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ ይወጣል። ሐሙስ ዕለት በቀይ አፈር የበናና የፀማይ ሰዎች ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላ፣ ቅልና ፍየል ይዘው ይመጣሉ። ከዚህ ጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ከአዲስ አበባ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ጂንካ ነፋሻማና አረንጓዴ ናት። ለረጅም ዓመታት አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማዋ መካከል በነበረው የሣር ሜዳ ሲሆን ሜዳው ለከብት ግጦሽና ለእግር ኳስም ያገለግል ነበር። ዙሪያዋ እንሰትና ቡና የሚያለማው የአሪ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። አዲሱ ክልል ሲደራጅ አሪ ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን በመሆኑ፣ የፈቃድ ደብዳቤ የሚፈልግ ተጓዥ የሚጎበኘው ወረዳ በየትኛው ዞን ሥር እንዳለ አስቀድሞ ሊለይ ይገባዋል። ሃና የምትገኝበት ሰላማጎ በደቡብ ኦሞ ሥር ነው።

በኮረብታ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ከመውረድ በፊት መታየት አለበት። የአካባቢው ብሔረሰቦች የሚገለገሉባቸው ዕቃዎች በማብራሪያ ስለቀረቡበት፣ ተጓዡ በኋላ በመንገድ ላይ የሚያየውን ነገር ትርጉም ይሰጠዋል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በቅሪተ አካል ግኝቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ከኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪት 195 ሺህ ዓመት ዕድሜ እንዳለው ሲነገር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ቢያንስ ወደ 230 ሺህ ዓመት ከፍ አድርጎታል።

ከጂንካ ወደ ሃና የሚወስደው መንገድ ከደጋው ጠርዝ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ይወርዳል። ከአፋፉ የሚታየው ሜዳ የዚህ ጉዞ ዋና ክፍያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማጎ በጎሽ የታወቀ ሲሆን፣ በውስጡ ለማለፍ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት ይዞ መጓዝ የተለመደ አሠራር ነው። መሬቱ በብዙ ቦታ መረሬ ስለሆነ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለበት መኪና ውጦ ያስቀራል። በመሆኑም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ተሽከርካሪ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ አካፋና ገመድ ያስፈልጋሉ። የመጨረሻው አስተማማኝ ነዳጅና ጎሚስታ ያለው በጂንካ መሆኑን ቆጥሮ ታንከር ሞልቶ መውረድ፣ የመጠጥ ውኃና ጥሬ ገንዘብም መያዝ ይገባል። የስልክ መስመር በየቦታው ስለሚቋረጥ የመነሻና የመድረሻ ሰዓትን ለሚያውቁት ሰው ነግሮ መሄድ ይጠቅማል።

ሃና አነስተኛ የቆላ ከተማ ናት። ከጂንካ ጋር የሚስተካከል ማረፊያ አይጠበቅባትም። በወረዳው ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ዲሜና ባጫ ብሔረሰቦች የሚኖሩ ሲሆን ከኮንሶ ተነሥተው የሰፈሩ አርሶ አደሮችም አሉ። ዲሜዎች በደጋው ክፍል የሚኖሩ፣ ከጥንት በብረት ማቅለጥ ሙያ የሚታወቁ ናቸው። ቦዲና ሙርሲ ከብት አርቢዎች ሲሆኑ በኦሞ ዳር ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ የሚዘሩትም ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥበት ላይ ነው። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ፍሰት ዓመቱን ሙሉ የተመጣጠነ ስላደረገው ዓመታዊው ሙላት ቀርቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተከናወነው የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማትም ለአካባቢው መንገድንና ቦይን፣ ከሌላ ሥፍራ የመጣ ሠራተኛንና ከባድ መኪናን አምጥቷል። ሃናን የሚጎበኝ ኃላፊ ይህን ለውጥ ሳያውቅ የሚያየው ነገር ግማሹ ይሰወረዋል።

የመንገዱ ከባድ ጉዳይ ከብት ነው። ለቦዲ ከብት የሀብት ምንጭ ብቻ ሳይሆን የማኅበራዊ ኑሮው መሠረት ነው። ጥሎሽም፣ ዕርቅም፣ የአንድ ወጣት ስምም ከከብት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ስለዚህ በሬ የገጨ አሽከርካሪ ዋጋ ከፍሎ ወዲያው የሚሄድበት ጉዳይ አይደለም። ከመንጋ ጋር ሲገናኙ መቆም፣ ጥሩምባ አለመንፋት፣ ጎልማሳው እረኛ መንጋውን እስኪያሳልፍ መጠበቅ ግዴታ ነው። ከጨለመ በኋላ በዚህ መስመር ማሽከርከር ፈጽሞ መታሰብ የለበትም። አደጋ ከደረሰ በስሜት ከመከራከር በፊት አስጎብኚውን፣ የአገር ሽማግሌዎችንና ፖሊስን ማስጠራት ይገባል። መሣሪያ የታጠቀ አርብቶ አደር ማየትም ለአካባቢው የተለመደ በመሆኑ መደናገጥ ወይም ፎቶግራፍ ለማንሣት መሽቀዳደም አያስፈልግም።

የፎቶግራፍ ነገር ብዙ ጊዜ ለቅሬታ መነሻ ይሆናል። በሙርሲ መንደሮች ለአንድ ምስል ገንዘብ መቀበል ከቱሪስቶች መብዛት ጋር ሥር የሰደደ ልማድ ነው። አገልጋይነቱ ለሕዝብ የሆነ ሰው በከንፈር ሸክላ ያጌጠችን እናት መኪናው ውስጥ ሆኖ በስልክ ቀርጾ ቢሄድ ነውር ነው። አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ዋጋውን በአስጎብኚው በኩል መስማማት፣ ዝርዝር ብር መያዝ አለመግባባትን ያስቀራል። ካሜራውን ወደ ጎን ትቶ ቅልና ሸክላ መግዛት፣ ከሽማግሌዎች ጋር በአስተርጓሚ መጨዋወት ከሁሉም የተሻለ ትዝታ ያተርፋል። ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ ለሕፃናት ከረሜላ አለመበተን ጥሩ ነው።

ጤናን በተመለከተ ቆላው ወባማ በመሆኑ አጎበርና የሐኪም ምክር ያስፈልጋሉ። በደቡብ ኦሞ በ2005 ዓ.ም. የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተከስቶ እንደነበር ስለሚታወቅ፣ ክትባቱ ከጉዞ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ሊወሰድ ይገባል። ኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሰቱ ይፋ ተደርጎ ስለነበር፣ ከመነሣት በፊት የጤና ተቋማት የሚሰጡትን ወቅታዊ መግለጫ መከታተል ተገቢ ነው። በማጎ ያለው የገንዲ ዝንብ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ስለሚስበው ነጣ ያለ ልብስ መልበስ ይመከራል።

ለመልስ ጉዞ ከጂንካ በላስካና በሳውላ በኩል ሶዶ የሚያደርስ ሌላ መንገድ አለ። ተራራማና እጅግ ውብ ቢሆንም በዝናብ ወቅት አይመረጥም። በዚሁ መስመር በሚገኘው በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነርሱም መካከል ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነዋሪዎችና የአካባቢው አመራሮች ይገኙበታል። በበጋ በዚህ በኩል ለመመለስ የወሰነ ተጓዥ ሳውላ ማደር ይኖርበታል። በመጣበት የሚመለስ ግን ማክሰኞ ጂንካን በማለዳ ለቆ ሳይመሽ አርባ ምንጭ ከገባ፣ ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ ደርሶ ሐሙስ ጠዋት በሥራ ገበታው ላይ ሊገኝ ይችላል።