ማን ነገረህ?

የደጋን ልጅ ነኝ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ባቲ የሚወርድ መንገደኛ ሁሉ ያልፍባታል፤ ቆም ብሎ ታሪኳን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከማይጠይቁት አንዱ ነበርሁ። በአዲስ አበባ የታሪክ ተማሪ ሳለሁ የመመረቂያ ጽሑፌን በዓድዋ ዘመን ዲፕሎማሲ ላይ ለመሥራት አስቤ አማካሪ መምህሬ ዘንድ ቀረብሁ። ርእሱን አንብበው ወረቀቱን አስቀመጡና፣ «ይህን ብዙዎች ጽፈውበታል። አንተ ያደግህበትን መንገድስ ማን ጻፈው? አያቶችህ ከመኪና በፊት በምን ይነግዱ ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንዲህ ያለው ምክር በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት አብዛኞቹ መምህራን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተ በኋላ የአገር ልጆች በመምህርነት እየበረከቱ ሄዱ። የታሪክ ተማሪዎችም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየትውልድ ቀያቸው እየወረዱ ሽማግሌ መጠየቅን ልማድ አደረጉት። በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተደርድረው የሚገኙት ጥራዞች የዚያ ልማድ ፍሬ ናቸው። በጥራዞቹ ላይ የተጻፈው የተማሪው ስም ነው፤ ከኋላው ግን ጥያቄውን ያቀና አንድ አማካሪ አለ።

ለእኛ ለወሎ ልጆች የዚህ መንገድ አብነት ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ናቸው። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑት የወሎን እስልምና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው መጽሐፋቸው የዐረብኛ ጽሑፎችን ከሽማግሌዎች ቃል ጋር እያስተያየ፣ የጌታውን ሐጂ ቡሽራን የመሳሰሉ የቃሉ ዑለማዎችን ከአፈ ታሪክ ወደ ታሪክ አምጥቷቸዋል። በ2001 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የእርሳቸው ተማሪ ለመሆን አልታደልሁም፤ ነገር ግን የአገሬ ወሬ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ መሆኑን ያመንሁት መጽሐፋቸውን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ወደ ደጋን ወረድሁ። ሁለት ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ከደሴ ወደ አሰብ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ጣሊያን ሲሠራው ሁለቱም ልጆች ነበሩ። አንደኛው መንገዱ የግመሉን ንግድ ገደለው አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ ግመሉ ከመኪናው ጎን ለጎን ብዙ ዘመን ተጉዟል አሉኝ። እኔ የሁለቱን ቃል አዋሕጄ አንድ ያማረ ታሪክ ሠራሁና ለአማካሪዬ ሰጠሁ።

ረቂቁ ሲመለስልኝ ከአንድ ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ቀለም «ማን ነገረህ?» የሚል ተጽፎበታል። ቀና ብዬ ሳያቸው፣ «ሁለት ሰዎች ከተለያዩ መለያየታቸው ራሱ ታሪክ ነው። ለምን እንደ ተለያዩ ጠይቃቸው» አሉኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ የፈተናን ሰሞን ሰበብ አድርጌም ሁለት ወር አዘገየሁት።

ደጋን ስደርስ ሁለተኛው ሽማግሌ ዐርፈው ነበር። የሚነግዱት እርሳቸው ራሳቸው በግመል ኖሮ፣ ወይስ ከአባታቸው የሰሙትን ነግረውኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያን አንድ ጥያቄ የሚመልስልኝ ሰው ከእንግዲህ የለም። በመጨረሻው ጽሑፌ የሁለቱን ቃል ለየብቻ፣ ከነስማቸው አስቀመጥሁ። ያልጠየቅሁትንም እንዳልጠየቅሁ ጻፍሁ። አማካሪዬ ያንን ገጽ አንብበው ምንም ሳይናገሩ ፈረሙበት።

በእኛ አገር ደረሳ ኪታቡን ይዞ ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ ሸኹም የሳተውን ያርሙታል እንጂ በእርሱ ፈንታ አይቀሩለትም። የዩኒቨርሲቲ አማካሪም ሥራ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ፊርማው የመጨረሻው ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ ተማሪውን ወደሚያውቀው ደጅ መልሶ፣ እንደማያውቀው ሆኖ እንዲያንኳኳ ማድረግ ነው።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተመሥርቶ በደሴና በኮምቦልቻ ያስተምራል። የደጋን ልጅ ሽማግሌዎቹን ለመጠየቅ እንደ እኔ ከአዲስ አበባ መምጣት አያስፈልገውም፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። የሚያስፈልገው «ማን ነገረህ?» የሚለው መምህር ነው። ሽማግሌዎቹም ፈተና እስኪያልፍ አይጠብቁም።