የቋንጣው ጭስ

የዋግ ታሪክ ሲነሣ የሹማምንቱ ስም ይቀድማል፤ ስንቁን ያሰናዱትን እናቶች የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ዓፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ካስነገሩ በኋላ ዋግሹም ጓንጉልም የዋግን ጦር ይዘው አድዋ ዘመቱ። ዘማች በዚያ ዘመን በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ቋንጣውን በአብዛኛው ከቤቱ ይዞ ነበር የሚወጣው። ያ ሁሉ የሴት እጅ ሥራ ነው።

ቋንጣ ቀላል ይመስላል። ከጥሬ ቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ስለሆነ 4 ኪሎ ዘልዝሎ የሰቀለ ሰው የሚያወርደው ከ1 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ጨውና በርበሬ ይታሻል፣ ከሥሩ ወይራ ይጨሳል። ጭሱ ዝንብ ያርቃል፣ መዓዛም ይሰጣል። የበጋው ብርድ ደረቅ ስለሆነ ለሥጋው ይስማማል፤ እሳቱን ግን ነፋስ ይሻማዋል።

ይህን ባለፈው ጥር በገንዘባችን ተማርነው። ማኅበራችን ለሽያጭ ያሰበውን ቋንጣ፣ ቤቱ ጠበበን ብለን ደጅ አጠንነው። አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ነበር። ለሁለት ሌሊት ያልነው እንጨት በአንዱ አለቀ፤ እሳቱን ባስነሣን ቁጥር የሥጋው ላይ ደረቀ፣ ውስጡ እርጥብ ቀረ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አባላችን መጥተው በነፋሱ በኩል ድንጋይ ካቡ፣ እሳቱንም ቀነሱት። «ጭስ እንጂ ነበልባል ምን ያደርግለታል?» አሉን። ግማሹ ተረፈ።

ሒሳቡን ስዘጋ የሥጋ፣ የጨውና የእንጨት ዓምድ አገኘሁ። እሳት ሲቆሰቁሱ ላደሩት ግን ዓምድ አልነበረም፤ መዝገቡን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔው ነኝ። ዘንድሮ ከፍቼዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር፦ 3 ሴቶች፣ 2 ሌሊት።