ልክ ሥራ፦ ለ‹ስክራች ቢልዲንግ› የሚስማማ አማርኛ

የብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሞዴል የሚገጣጥሙ ሰዎች በአንድ ሞዴል ላይ ያሉትን ክፍሎች ከሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ከሣጥኑ የወጣው፣ ከሌላ አምራች ተገዝቶ የተጨመረውና ባለሙያው ራሱ ከዝርግ ፕላስቲክ፣ ከሽቦና ከላሜራ ቆርጦ የሠራው። የመጀመሪያው ኪት ይባላል፤ ቃሉ እንዳለ ቢቆይ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ‹አፍተርማርኬት›፣ ሦስተኛው ‹ስክራች ቢልዲንግ› ይባላሉ። እነዚህን በአማርኛ ለመጥራት የሞከረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ‹ተጨማሪ ዕቃ› እና ‹ከባዶ መሥራት› ብሎ ያልፋል። ስሕተት ነው አይባልም፤ ግን ‹ተጨማሪ› ዕቃው ከየት እንደመጣ አይናገርም፣ ‹ከባዶ› ደግሞ ሥራውን በጎደለው ነገር እንጂ በያዘው ነገር አይጠራውም። ለሁለተኛው ‹ደባል›፣ ለሦስተኛው ‹ልክ ሥራ› ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። ስሞቹ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም እንዳላቸው ለማሳየት ግን መጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ኪቱ ለምን አይበቃም? መልሱ ከአመራረቱ ይነሣል። የኪት ክፍሎች የሚወጡት የቀለጠ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ገብቶ ሲረጋ ነው። ፕላስቲኩ ሳይረጋ እስከ ጥጉ እንዲደርስ መፍሰሻው ስፋት ይፈልጋል፤ ሲረጋም በቀላሉ እንዲላቀቅ የክፍሉ ጎን በጥቂቱ ዘመም ማለት አለበት። ስለዚህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ክፍል ማውጣት ይከብዳል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለዓይን ቀጭን ነው፤ በተለመደው የ1:35 ስኬል ሲባዛ ግን 17.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1928ቱ ወረራ ጣሊያን ይዛው የመጣችው ትንሹ ኤል 3 ታንክ የፊት ብረቱ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። እንግዲህ የኪቱ ፓራፋንጎ ከእውነተኛው ታንክ ግንባር ወፍሮ ተገኘ ማለት ነው! ከአንድ ተኩል ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራ ፓራፋንጎ በዚህ ስኬል 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን ይገባው ነበር፤ የጽሕፈት ወረቀት እንኳ ከዚህ እጥፍ ይወፍራል። (35 የሚለው ቁጥር ራሱ ከሒሳብ ይልቅ ከአጋጣሚ የመጣ ነው። የጃፓኑ ታሚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የጀርመኑን ፓንተር በሞተር የሚሄድ አድርጎ ሲያወጣ፣ መጠኑን የወሰነው ባትሪውና ጥርሱ የሚይዙት ቦታ ነበር፤ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት።)

ደባሉ የሚመጣው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። የቼኩ ኤድዋርድና የፖላንዱ አበር በኬሚካል ተበልቶ የተቀረጸ ቀጭን የናስ ዝርግ ያቀርባሉ፤ የቤልጅጉ ቨርሊንደን የሬዚን ክፍሎችን በዓለም ካስለመዱት አንዱ ነው፤ የሃንጋሪው ፍሪውል እያንዳንዱ ጥርስ ለብቻው የሚገጠም የብረት ሰንሰለት ይሠራል። በቶርኖ የተቆረጠ የአሉሚኒየም የመድፍ አፈሙዝም አለ። የሶቪየቱ ቲ-55 ታንክ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ በ1:35 የአፉ ስፋት 2.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ኪቱ ይህን አፈሙዝ ለሁለት ሰንጥቆ ከሰጠ፣ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱት ክቡ ቱቦ ጠፍጠፍ ይላል። ቶርኖ የሌለው ሰው ይህን በእጁ አቃናለሁ ቢል ጊዜውን ያባክናል። በነገራችን ላይ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴዎቻችን ከፋብሪካው ውጪ የተመረተውን ‹ኮፒ› ይሉታል፤ እዚያ ኮፒ ማለት ያነሰ ማለት ነው። በሞዴል ዓለም ነገሩ ተገልብጧል፤ ከውጭ የመጣው ክፍል ከኦርጅናሉ የተሻለ ነው፣ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የጋራዡ ቃል እዚህ አይሠራም። ደባል ግን ይሠራል። ደባል በሌላው ቤት ተጠግቶ የሚኖር ነው፤ ደባል ሱስ ስንልም ከዋናው ጋር ተጎዳኝቶ የገባውን ማለታችን ነው። የናሱ ፓራፋንጎ እንዲቀመጥ የኪቱ ፓራፋንጎ ተቆርጦ ቦታ መልቀቅ አለበት። ሬዚን ሲደርቅ በጥቂቱ ስለሚሰበሰብ ለአንዱ አምራች ኪት የተሠራው በሌላው ላይ ላይገጥም ይችላል። ማጣበቂያው እንኳ ይለያል፤ የኪት ሙጫ ፖሊስታይሪኑን አሟሙቶ የሚያዋህድ ስለሆነ ናስና ሬዚን ላይ አይሠራም፣ ለእነሱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ‹ተጨማሪ› የሚለው ቃል ከዚህ ሁሉ ግብግብ አንዱንም አይነግረንም። ቃሉ ክፍሉን ዝቅ ያደርጋል የሚል ካለ፣ ደባል ኪራዩን እስከከፈለ ድረስ ምን ነውር አለበት እለዋለሁ።

ወደ ‹ከባዶ› ልመለስ። የእንግሊዝኛው ስክራች መጀመሪያ መሬት ላይ የተጫረ የሩጫ መነሻ መስመር ነበር፤ ከዚያ መስመር የተነሣ ሯጭ ምንም ብልጫ ሳይሰጠው የጀመረ ነው። አማርኛው ‹ከባዶ› ያንን ትርጉም በጨዋ መንገድ ይዞታል። ችግሩ በዚህ ሥራ ውስጥ ባዶነቱ ዋናው ነገር አለመሆኑ ነው። በየሰፈሩ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠሩት መኪና በእርግጥ ከባዶ የተሠራ ነው፤ ውበቱም ከዓይን ግምት ይመጣል፣ ጎማው ከቤቱ በለጠ ብሎ የሚቆጣ የለም። ስክራች ቢልዲንግ የሚባለው ከዚህ የሚለየው በጥሬ ዕቃው አይደለም፤ ሽቦው ያው ሽቦ ነው። የሚለየው እያንዳንዱ ክፍል ከአንድ እውነተኛ ነገር ልክ ተወስዶለት፣ ልኩም ለ35 ተካፍሎ የተቆረጠ በመሆኑ ነው። ልክ መውሰድ ደግሞ በአማርኛ የታወቀ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦና ወደ ጎጃም በሚወጡት መንገዶች ላይ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያሉ የብየዳና የባትላሜራ ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ጋቢናና ሻንሲ ብቻ ሆኖ ለመጣ የጭነት መኪና ካሶኒ ሲሠሩ ከካታሎግ የሚያዝዙት ክፍል የለም፤ ሻንሲውን ለክተው፣ ላሜራ ቆርጠው፣ አጥፈው ይበይዱታል። ያ ካሶኒ ከባዶ ተሠራ አይባልም፤ በልኩ ተሠራ ነው የሚባለው። በዚሁ አነጋገር የሞዴሉም ሥራ ልክ ሥራ ቢባል ከሠራተኛው አፍ አይርቅም።

ልኩ የት ይገኛል? ታንኩ ፊት ለፊት ከሌለ ከፎቶግራፍ። የቲ-55 የመንገድ ጎማ ዲያሜትሩ 810 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይታወቃል። ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ታንኩ ላይ በኋላ የተበየደ ሣጥን ርዝመቱ የጎማውን ዲያሜትር ግማሽ ከሆነ፣ ሣጥኑ 405 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሞዴሉ ላይ 11.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሣጥኑ ከጎማው ይልቅ ለካሜራው የቀረበ ወይም የራቀ ከሆነ ልኩ በጥቂቱ ይዛባልና ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቶግራፍ ማመሳከር ይገባል። (ከአደባባይ ሐውልትና ከታተመ ፎቶግራፍ መለካት ይበቃል፤ ሜትር ይዞ ጦር ሰፈር አጥር ሥር መቆም ግን የሚያስከትለው ሌላ ነገር ነው።) ጥሬ ዕቃውም ሩቅ አይደለም። የለስላሳ ቆርቆሮ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በስኬሉ የ3.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይወክላል። የባንክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይሆናል፣ ብቻ ፒ.ቪ.ሲ. ስለሆነ የኪት ሙጫ አይይዘውም። የሲዲ ማኅደር ግን ራሱ ፖሊስታይሪን ስለሆነ ይይዘዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ 0.2 ሚሊ ሜትር የመዳብ ክር 7 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሆናል። ኪቱ የታሰረበትን የፕላስቲክ ዘንግ በሻማ ነበልባል አጠገብ አሙቀው ቀስ ብለው ቢስቡት እንደ ፀጉር ይቀጥናል፤ አንቴና ከዚያ ይሠራል። ከውጭ ለሚመጣ ናስ ዶላር መፈለግ ግዴታ በሆነበት አገር ይህ ዝርዝር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሆኖም ርካሽነቱን የልክ ሥራ ዋና ምክንያት ማድረግ ሥራውን ማሳነስ ይመስለኛል።

ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ ልክ የሚወስድ ሰው የሚያውቀው ነገር ደባል ገዝቶ ለሚለጥፍ ሰው አይደርሰውም። ኤል 3ን እንውሰድ። ርዝመቱ 3.17፣ ስፋቱ 1.40 ሜትር፤ በ1:35 ዘጠኝ በአራት ሴንቲ ሜትር፣ የእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። ሁለት ሰው ይይዛል፤ የሚሽከረከር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ከፊት ተተክሎ ወደ ግራና ቀኝ በጥቂቱ ብቻ ይዞራል። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የራስ እምሩ ጦር ደምበጉና ላይ እነዚህን ታንኮች ገጥሞ ከጥቅም ውጪ አድርጓቸዋል። ያ ውጊያ ሲተረክ ጀግንነቱ ይነገራል፤ ይገባዋልም። ግን የታንኩን ስንጥቅ መስኮት በልኩ የሠራ ሰው አንድ ሌላ ነገር ያያል። የ10 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ በሞዴሉ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በምላጭ ጫፍ ሲከፍተው፣ ከውስጥ ያለው ሰው በዚያ ስንጥቅ ምን ያህል ሰማይና መሬት እንደሚያይ በእጁ ይረዳል። የመትረየሱን መቀመጫ ሠርቶ ሲያዞረው የማይደርስበትን ጎን ያገኛል። ከጎንና ከኋላ የመጣው ወታደር ድፍረቱ ብልኅነትም እንደነበረው ከሞዴሉ ማንበብ ይቻላል። ስንጥቁን ላዩ ላይ እንደ ጭረት ብቻ የሚያሳይ ኪት ይህን አያስተምርም፤ ጥሩ ደባል ቢገኝ ስንጥቁን ያሳየን ይሆናል፣ ለምን ያ ስፋት እንደሆነ የማሰቡ ድካም ግን ቀድሞ በሌላ ሰው ተደክሟል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው ማን ያየዋል የሚል ነው። በከፊል ልክ ነው፤ ተዘግቶ በማይከፈት ታንክ ውስጥ የሞተር ቱቦ እየቆጠሩ መትከል ለእኔም ትርፉ አይታየኝም። የላሜራ ጠርዝ ግን ይታያል። ዓይን ሚሊ ሜትር ባይቆጥርም ብርሃን በወፍራምና በቀጭን ጠርዝ ላይ የሚያርፍበትን ልዩነት ያውቃል፤ ወፍራሙ አሻንጉሊት የሚያስመስለው ለዚህ ነው። ደግሞም ማየት በዓይን ብቻ አይደለም። በሰበታ መርሐ ዕውራን የሚማር ዓይነ ስውር ተማሪ የታንክን ቅርጽ ማወቅ ቢፈልግ ከቃል መግለጫ ይልቅ በጣቱ የሚዳስሰው ሞዴል ይነግረዋል፤ ለጣት የወፈረ ጠርዝ ሐሰት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ታንክ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ፊልም ላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም፤ በሰሜን በየመንገዱ ዳር የዛገው ብረት የማን ልጅ በውስጡ እንዳለቀ የሚያውቅ ቤተሰብ አለ። በዚህ ላይ መጫወት ተገቢ ነው? ለተቃውሞው ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ሆኖም ጦርነትን የሚያስጌጠው ልክ የሌለው ሥራ ይመስለኛል፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የማይዝግ ብረት፣ ማንም ያልተቀመጠበት የሚመስል ወንበር። ሁለት ሰው ተጨናንቆ የሚቀመጥበትን ቦታ ለክቶ የሠራ ሰው ታንክን እንደ ክብር ዕቃ ማየት ይከብደዋል።

ስሞቹን የሚፈትናቸው ስሪዲ ፕሪንተር ነው። ክፍሉን ማሽን ካተመው ደባል ነው ወይስ ልክ ሥራ? ‹በእጅ የተሠራ› ብለን ሰይመነው ቢሆን ኖሮ መልስ አጥተን እንቀር ነበር፤ ‹ከባዶ› ብንለውም ያው ነው፣ ፕሪንተሩ የሚጀምረው ከባዶ ሣሕን ነውና። በልክ ከሄድን ግን ጥያቄው አጭር ነው፤ ልኩን ማን ወሰደ? ባለሙያው ሣጥኑን ከፎቶግራፍ ለክቶ፣ በኮምፒውተር ስሎ ካተመው ማሽኑ ከምላጭና ከሞረድ የተለየ ሚና የለውም፤ ልክ ሥራ ነው። የሌላ ሰው ፋይል አውርዶ ካተመው በቤቱ የታተመ ደባል ነው። በዚሁ መለኪያ፣ የገዛውን የናስ ዝርግ ከእውነተኛው ተሽከርካሪ ጋር አመሳክሮ፣ የተሳሳተውን ቆርጦ ያስተካከለ ሰው ሁለቱን አጣምሯል፤ ‹በልክ የተስተካከለ ደባል› ብሎ ቢጽፈው ማንም ይረዳዋል። በሞዴል ውድድር ላይ ከሣጥኑ ብቻ የተሠራውን ለይቶ መመደብ የተለመደ ነው። የእኛ ሰዎች አንድ ቀን ሞዴሎቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው የሚያሳዩ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ሥር በሚያስቀምጡት ካርድ ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ኪት፣ ደባል፣ ልክ ሥራ፤ ከሦስተኛው መስመር አጠገብ ልኩ ከየትኛው ፎቶግራፍ ወይም ከየትኛው ተሽከርካሪ እንደተወሰደ።