«የግራኝ ድንጋይ» የማን ድንጋይ ነው?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የቡታጅራን መንገድ ለያዘ ሰው ታሪክ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የጥንት ሰው ድንጋይ እየፈለጠ መሣሪያ ያበጀበት ሥፍራ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ገባ ሲሉ ከአለት ተፈልፍላ የወጣችው አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ቀጥሎ በሶዶ ምድር ጥያ ይመጣል። የመልካ ቁንጡሬ ባለቤት የሰው ልጅ ሁሉ ነው። አዳዲን ደግሞ ካህናቱ ንጉሥ ላሊበላ አሠራት ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያኗም እስከ ዛሬ ይቀደስባታል። የጥያ ድንጋዮች ባለቤትስ ማን ነው?

በጥያ 36 ሐውልቶች አሉ። ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጫፉ ወደ ታች የዞረ ሰይፍ፥ ክብ ምልክት፥ ቅጠል የሚመስል ነገር፥ አልፎ አልፎም የሴት ጡት ይታይባቸዋል። የአገሩ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አስተከላቸው መባሉ ነው።

ነገሩ ሲመረመር ግን አይገጥምም። ኢማም አሕመድ በሽምብራ ኩሬ ድል ያደረገው በ1529 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ የሞተው በ1543 ነው። አባ አዛይስ የተባሉት ፈረንሳዊ ቄስ በ1920ዎቹ እነዚህን ድንጋዮች ለውጭው ዓለም አስተዋወቁ። በኋላም እነፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም ሥፍራውን አጠኑት። በቁፋሮው ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር ተገኘ፤ ሙታኑ ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀበሩ ነበሩ። ዘመኑም ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። እንግዲህ ግራኝ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት ድንጋዮቹ ቆመዋል ማለት ነው! የተተከሉትም ለድል ማስታወሻ ሳይሆን ለሙታን ነው።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን እንዲህ አለ? አላዋቂ ስለ ሆነ ነው ብሎ መሳቅ ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። በሰሜንም ቢሆን የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ «ግራኝ ያፈረሰው» ይባላል እኮ። በአውሮፓም ገበሬው በእርሻው መካከል ያገኘውን ትልቅ ድንጋይ የግዙፎች ወይም የሰይጣን ሥራ ነው ይል ነበር። ሰው የሠሪው ስም ሲጠፋበት ሥራውን ለሚያውቀው ኃይለኛ ይሰጣል። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና የሕዝብ እንቅስቃሴ አገሩን አናወጠው። በሙታኑና በሕያዋኑ መካከል የነበረው ክር ተበጠሰ። የቤተ መንግሥት ጸሐፊም የንጉሡን ዘመቻ እንጂ የሶዶን ድንጋይ ጠራቢ አልጻፈም። ስለዚህ የራሱን ድንጋይ ጠርቦ፥ የራሱን ሟች ያከበረ ሕዝብ ሥራው ለዘማች ተሰጠበት። በደሉ ይህ ነው።

ዩኔስኮ ጥያን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት፥ ከላሊበላ ሁለት ዓመት ብቻ ዘግይቶ። በቅርቡ ደግሞ በ2023 የጌዴኦ መልክዓ ምድር፥ በ2024 መልካ ቁንጡሬ ተጨመሩ። ክብሩ ደስ ይላል። ይሁን እንጂ አክሱምን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ጥያንስ ስንቱ ያውቃታል? በሶዶ አካባቢ ብቻ ወደ 160 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ይታወቃሉ። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጥያ ብቻ ናት። የቀሩትን የሚጠብቃቸው ማን ነው? በየማሳው ያለው ገበሬ ነው። እርሱ ደግሞ ድንጋዩ የባዕድ ዘማች ነው ብሎ ካመነ፥ ለምን ብሎ ይሳሳለታል? የስሙ ነገር ቀላል አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

የዛሬው ነዋሪ የጠራቢዎቹ የቀጥታ ዘር ነው አይደለም የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ቅርስ ግን በደም ብቻ አይወረስም። በአንድ አፈር መኖር፥ ከአንድ ድንጋይ ጋር አብሮ ማርጀትም ውርስ ነው። የጉራጌ ሕዝብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ገንዘቡን አዋጥቶ ለአገሩ መንገድ ያሠራ ሕዝብ ነው። የራሴ ነው ላለው ነገር እንዴት እንደሚተጋ በሥራ አሳይቷል። የቀረው፥ ድንጋዩም የራሱ መሆኑን መንገር ነው።

ይህ የኛ የተማሪዎች ድርሻ ነው። ክረምት ላይ ወደየቤታችን ስንመለስ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ፤ የየማሳውን ድንጋይ እንቁጠር፥ ምልክቱን እንሣል። «የግራኝ» የሚለውን ስምም አናጥፋው፤ እርሱም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከጎኑ ግን እውነቱን እንጻፍ፤ ድንጋዩ ከግራኝ በፊት እዚህ ለኖሩ፥ እዚህ ለሞቱ ሰዎች የቆመ ነው።