ቁጥሩ አለ፣ ዕቃው የለም

ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን ዕቃ የማታውቁ ካላችሁ እንተዋወቅ። የኤሌክትሪክን ሞገድ ስክሪን ላይ በብርሃን መስመር የሚስል መሣሪያ ነው። ሐኪም ቤት የልብ ትርታ ሲሳል አይታችሁ ይሆናል። እንደዚያው ነው፤ እዚህ ግን ታካሚው ሬዲዮ፣ ራዳር ወይም ኮምፒውተር ነው። (ደግሞ ግጥምጥሞሹ! ቴክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1947 511 የተባለውን የመጀመሪያ ሞዴሉን ገበያ ሲያወጣ ቀዳሚው ገዢ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ዋጋው 795 ዶላር።)

ዛሬ የማወራችሁ ግን የማሽኑን ሳይሆን የመለዋወጫውን ታሪክ ነው። ከ50 እና ከ60 ዓመት በፊት የተሠሩ ኦሲሎስኮፖችን ከመጋዘን፣ ከሐራጅና ከቆሻሻ ላይ አንስተው ነፍስ የሚዘሩባቸው ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ አሉ። ወደ 30 ኪሎ የሚመዝን ማሽን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ፍቅር ይዞታል ማለት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእነዚህን ሰዎች ራስ ምታት ተከትላችሁ ስትሄዱ ግን የሚገርም ነገር ላይ ትደርሳላችሁ። ያኔ ማሽኑን አንደኛ ያደረገውና ዛሬ የሚገድለው ነገር አንድና ያው ነው።

ሃዋርድ ቮለም፣ ጃክ መርዶክና ጓደኞቻቸው ቴክትሮኒክስን ፖርትላንድ ከተማ ሲያቋቁሙ ዘመኑ 1946 ነበር። ኦሲሎስኮፕ ከእነሱ በፊትም ነበረ። የእነሱ ግን ሞገዱ የተወሰነ ነጥብ ላይ ሲደርስ ጠብቆ መሳል የሚጀምር፣ ስለዚህም ምስሉ የማይንቀጠቀጥ፣ በልበ ሙሉነት ልክ የሚነበብበት ነበር። ጥራቱን ደግሞ ለሌላ ሰው እጅ መስጠት አልወደዱም። ስለዚህ ማምረቱን ራሳቸው ተያያዙት። ትራንስፎርመሩን ራሳቸው ይጠመጥማሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የስክሪኑን ቱቦ ሳይቀር ራሳቸው ማምረት ጀመሩ። ከውጭ የሚገዙትን ቫልቭና ትራንዚስተር እንኳን መርምረውና መርጠው፣ የራሳቸውን ቁጥር ሰጥተው ነበር የሚጠቀሙት።

አሠራራቸው ምን ያህል የራሳቸው እንደነበር ለማወቅ ሽፋኑን ከፍታችሁ ብታዩ በቂ ነው። ሬዚስተርና ካፓሲተሩ የተሰካው በነጭ ሴራሚክ ዘንጎች ላይ ነው፣ ጥርስ ይመስላል። ጥርሶቹ ውስጥ የተቀባው ብር ነው። በተራ የመበየጃ ቆርቆሮ ደጋግማችሁ ከነካካችሁት ቆርቆሮው ብሩን እያሟሟ ይወስደዋል፣ መያዣውም ይላቀቃል። ስለዚህ ጥቂት ብር የተቀላቀለበት ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ታዲያ ምን አደረገ? የዚያን ቆርቆሮ ትንሽ ጥቅል ማሽኑ ውስጥ አስቀምጦ ላከ! አንድ ቀን የሚጠግን ሰው ይመጣል ብሎ ስንቅ ማኖሩ ነው። ጥቅሉ እስከ ዛሬ እዚያው ተቀምጦ የሚገኝባቸው ማሽኖች አሉ።

ለንጽጽር ያህል ሂውሌት ፓካርድን እዩት። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የመጀመሪያ ምርታቸው፣ 200ኤ የተባለው የድምፅ ሞገድ ማመንጫ፣ የሞገዱን መጠን የሚያረጋጋው በአንዲት ትንሽ አምፖል ነው። ተራ አምፖል! ክሩ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መግታት አቅሙ ይጨምራል፣ ሞገዱ ልክ ይይዛል። ከሱቅ በተገዛ ዕቃ የተሠራ ማሽን መለዋወጫውም ከሱቅ ይገኛል። ይህን ማሽን ማስነሳት ብዙ እንቅልፍ አይነሳም።

የቴክትሮኒክስ ሌላው ውለታ ማኑዋሉ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ሲበላሽ የውስጡን ሥዕል የሚሰጣችሁ አምራች አለ? ያኔ ግን ሙሉው የወረዳ ሥዕል፣ በየነጥቡ መታየት ያለበት ቮልቴጅና የሞገዱ ቅርጽ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ዕቃ ዝርዝር ከማሽኑ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። (አንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ሠራተኞቹ የደበቋቸው ትንንሽ ካርቱኖች ሁሉ አሉ። የሥራ ቦታ ጨዋታ የነበረበት ዘመን!) ቁጥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ። በ151 የሚጀምር ትራንዚስተር ነው፣ በ152 የሚጀምር ዳዮድ፣ በ154 የሚጀምር ቫልቭ። 151-0190-00 የሚለውን ዝርዝር ውስጥ ስታዩ አትደንግጡ። 2ኤን3904 ነው፣ ዛሬም የሚመረት፣ በሳንቲም የሚሸጥ።

ይህ ግልጽነት ዋጋ አስከፍሏቸዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለጦሩ ኦሲሎስኮፕ በርካሽ ለማግኘት ሲል የቴክትሮኒክስን ሞዴሎች ሂኮክና ላቮይን ለመሳሰሉ ኩባንያዎች ቅጂ እንዲሠሩ ሰጣቸው። ቴክትሮኒክስም መንግሥትን በፓተንት ጥሰት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ፓተንት መጣሱን የወሰነው በ1971 ሲሆን የካሣው ክርክር ደግሞ እስከ 1977 ዘለቀ። የሚያስቀው ግን የዛሬው ነው። ያ ሁሉ ክስ የተካሄደበት ቅጂ አሁን ለዋናው ማሽን የመለዋወጫ ምንጭ ሆኖ ያገለግላል። የእንጀራ ልጅ አባቱን ጦረ በሉት።

አሁን ወደሚያናድደው እንግባ። እነዚህ ማሽኖች በቫልቭ የተሞሉ ናቸው፤ ከቫልቮቹም አንዱ 6ዲጄ8 (የአውሮፓ ስሙ ኢሲሲ88) ነው። ይህን ቫልቭ የሙዚቃ ማጉያ ወዳጆችም ይፈልጉታል። በተለይ ቴሌፉንከን ወይም አምፔሬክስ የሚል ጽሑፍ ካለበት ዋጋው ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ ነጋዴው ሙሉውን ማሽን በርካሽ ይገዛል፣ ቫልቮቹን ነቅሎ ለየብቻ ይሸጣል፣ ቀሪውን ለብረት ይጥላል። ሙዚቃ አልጠላም፤ ግን ለአንድ ማጉያ ሁለት ቫልቭ ለማግኘት መሣሪያውን በሙሉ መግደል ለአንድ ብርጭቆ ወተት ላም ማረድ ይመስለኛል።

ቫልቩስ ይሁን፣ ሌላ ይገኛል። የማይገኘው ኩባንያው ራሱ የሠራው ነው። በ1960ዎቹ የተሠሩት ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ የስክሪኑን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ትራንስፎርመር አለ፣ ኢፖክሲ በተባለ ሙጫ የተሞላ። ያ ሙጫ ከዓመታት በኋላ ጠባዩን ይለውጣል። ማሽኑን ስታበሩት ደህና ነው፤ ምስሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ እየሞቀ ሲሄድ ኃይል ያባክናል፣ ሲያባክን ይብስ ይሞቃል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ምስሉ እየሰፋና እየደበዘዘ ሄዶ ይጠፋል። ስታቀዘቅዙት ደግሞ ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያሳብደው ይኼ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ «የዚህ ምትክ አለ?» የምትሉት ዓይነት ዕቃ አይደለም። ያለው አማራጭ ከሌላ ማሽን መንቀል፣ አለበለዚያም አሮጌውን ፈትቶ ዙሩን እየቆጠሩ በአዲስ ሽቦ መጠምጠም ነው። የሚጠመጥሙ አሉ! ኮፍያዬን አነሳለሁ።

በ1969 የወጣው የ7000 ሞዴሎች ቤተሰብ ችግሩን ወደ ሌላ ደረጃ አደረሰው። ኩባንያው የተቀናጁ ቺፖችን ራሱ መሥራት ጀመረ፤ ቁጥራቸው በ155 ይጀምራል። ዝርዝሩ ውስጥ 155 የሚል ካያችሁ ገበያ ላይ አቻ የለውም ማለት ነው። በ1980ዎቹ የወጡት 2465ኤ እና 2465ቢ ላይ ዩ800 የተባለችው ቺፕ በሙቀት ስትሞት ያለው መድኃኒት የሌላ ማሽን ዩ800 ወይም ከድሮ ክምችት የተረፈች ነው። ከ2465ቢ የኋለኞቹ ላይ ደግሞ ማሽኑ ልኩን የሚያስታውስበት ሜሞሪ ባትሪው እውስጡ የታሸገ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ማስታወሻው አብሮ ይጠፋል። ይህን ያወቀ ሰው ባትሪው ሳያልቅ ይዘቱን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ቀድሞ ያላሰበ ቺፑን ቢያገኝም ቁጥሮቹን አያገኝም፣ ማሽኑን እንደ አዲስ ማስተካከል ይጠበቅበታል።

ኩባንያው ራሱ በ2007 በዳናኸር ተገዝቷል። ለእነዚህ አሮጌዎች ዕቃ ማምረት ካቆመ ደግሞ ዘመን አልፏል። እንግዲህ የቀረው መለዋወጫ ያለው በቀሩት ማሽኖች ሆድ ውስጥ ነው። ሁለቱን ለማዳን ሦስተኛውን ማረድ ግድ ይሆናል። አንዳንዶች ይህን እንደ ኃጢአት ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። ጥያቄው የትኛው ይታረድ የሚለው ነው። የስክሪኑ ቱቦ የተሰበረ፣ ትራንስፎርመሩ ጎርፍ የገባበት ከሆነ ይፈታ፤ ነገር ግን ሁሉም ዕቃው፣ እስከ ማዞሪያ ቁልፉና ብሎኑ፣ ተለይቶ ቁጥሩ ተጽፎበት ይቀመጥ። ቱቦው ብሩህ የሆነና ያልተነካካ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ፣ ለስድስት ቫልቭ ብላችሁ አትፍቱት። የብሯን ቆርቆሮ ጥቅልም ካገኛችሁ እዚያው ተዉአት፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይፈልጋታል።