የዲጂታል ፎቶግራፎች ማስቀመጫ አማራጮችና የመሥሪያ ቤቶች አያያዝ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሚነሱ ፎቶግራፎች ለፕሮጀክት ምርቃት፣ ለስምምነት ፊርማና ለመስክ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ ብቸኛ የምስል ማስረጃዎች ናቸው። በፊልም ዘመን ኔጋቲቩ በፖስታ ተደርጎ መዝገብ ቤት ይቀመጥ ነበር። ዲጂታል ፎቶግራፍ ግን በአንድ ባለሙያ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ ወይም ባለሙያው ሲዛወር የዓመታት ምስል አብሮ ይጠፋል።

ቀደም ሲል በስፋት ያገለገሉት ሲዲና ዲቪዲ ናቸው። ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛሉ። አንድ ፎቶግራፍ በአማካይ 4 ሜጋባይት ቢሆን ሲዲው 175፣ ዲቪዲው 1,175 ያህል ምስሎችን ይይዛል ማለት ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር መረጃ የሚጻፍባቸው ዲስኮች የቀለም ንጣፍ በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ይጎዳል። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማንበቢያ ስለሌላቸው፣ በመሳቢያ የተቀመጡ ዲስኮች ማንበቢያው ሳይጠፋ ወደ ሌላ መሣሪያ ሊገለበጡ ይገባል።

1 ቴራባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ በዚሁ ስሌት 250,000 ያህል ፎቶግራፎችን ያስቀምጣል። ለዋጋው ከፍተኛ መጠን የሚይዘው ይኸው መሣሪያ ነው፤ ሆኖም በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስላለው ሲወድቅ ወይም በሥራ ላይ እያለ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሊበላሽ ይችላል። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ተንቀሳቃሽ አካል የላቸውም። ነገር ግን መረጃውን የሚይዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ በመሆኑ ለረጅም ዓመታት ሳይሠራባቸው ሲቀመጡ ይዘታቸው ሊጠፋ ይችላል፤ ለማጓጓዣ እንጂ ለማኅደርነት አይመከሩም።

በኢንተርኔት የሚሰጠው የክላውድ አገልግሎት ከእሳትና ከስርቆት ቢጠብቅም የራሱ ችግር አለው። ጎግል ፎቶስ ያለገደብ በነፃ ያስቀምጥ የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2021 አቁሟል። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ በ2019 እ.ኤ.አ. ተጠቃሚዎች ከ3 ዓመታት በፊት የጫኗቸው ፎቶግራፎችና ሙዚቃዎች በሰርቨር ዝውውር ወቅት መጥፋታቸውን አስታውቋል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም ሌላ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን አጥተዋል። የዜጎችን ምስል በውጭ አገር ሰርቨር የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

በመሆኑም አስተማማኝ የሆነ አንድ መሣሪያ የለም። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው አሠራር ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱም ከቦታው ውጭ እንዲቀመጡ ያዛል። ለአንድ ቢሮ ይህ ከባድ ወጪ አይደለም፤ አንዱ በሰርቨር፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው ጉዳይ ቅጂው ዋናው መሆኑ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መጠኑ ተቀንሶ ስለሚደርስ ለመጽሔት ኅትመት ሲፈለግ ጥራቱ አይበቃም፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሳይቀነስ ይደርሳል። የፋይል ስምም እንዲሁ ነው። ካሜራዎች 9999 ላይ ሲደርሱ ቁጥሩን ከ0001 ስለሚጀምሩ አንዱ ምስል በሌላው ላይ ሊጻፍ ይችላል። ካሜራው የሚመዘግበው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑም ያደናግራል፤ «2016» ተብሎ የተሰየመ ማኅደር በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈበት ከዓመታት በኋላ የሚለየው ሰው አይገኝም። በምስሉ ላይ የሚታዩት ሰዎች ስምና ኃላፊነት፣ ቦታውና ቀኑ ፎቶግራፉ በተነሳበት ሳምንት መመዝገብ አለባቸው።

በበጀት ዓመቱ መዝጊያ በሚካሄደው የንብረት ቆጠራ ሃርድ ዲስኩ በንብረት ቁጥሩ ይቆጠራል፤ በውስጡ ያለው ምስል ግን አይታይም። ቆጠራው ሲካሄድ ዲስኩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ጥቂት ፋይሎችን መክፈት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ባለሙያው ሲዛወርም በርክክብ ሰነዱ ላይ ከካሜራውና ከቻርጀሩ ቀጥሎ የፎቶግራፍ ማኅደሩ፣ የፋይሎቹ ብዛትና የይለፍ ቃሉ እንዲሰፍሩ ማድረግ ይቻላል።